የዐወድ ቋጠሮ

በቃሉ «የሞተሬ መሪ ዝቅ ብሏል» ሲል የሰማው ሁሉ ሳቀበት። ብረት እንዴት ዝቅ ይላል? ጎማ ይተነፍሳል፣ ሞላ ይደክማል፣ ወንበር ይሰረጉዳል፤ መሪ ግን ካልወደቁበት በቀር ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የሚኖረው። በቃሉም ይህን አያጣውም፤ በአሶሳ ዙሪያ ያለውን የገጠር መንገድ በሞተር ሲመላለስበት ያረጀ ሰው ነው። ነገር ግን ከሁለት ትከሻዎቹ መሀል አንድ የሚቆነጥጥ ሕመም ገብቶበታል፤ ገና ጾሬ የሚባለው መንደር ሳይደርስ ደግሞ እጆቹ ይደነዝዛሉ። ሰውነቴ አረጀ ከማለት ሞተሬ ዝቅ አለ ማለት ቀለለው። ማን ይፈርድበታል?

በቃሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ስሙ እንዲህ ይክበድ እንጂ ሥራው ባጭሩ ፍየል መውጋት ነው። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ጭኖ በየበርታው መንደር ይዞራል፤ ሰዉ ፍየሎቹን አጥር ውስጥ ሰብስቦ ይጠብቀዋል፤ ይወጋል፣ የተወጋችውን ቀለም ይቀባል፣ ይመለሳል። በቅርቡ አንድ መንደር ውስጥ መርፌውን ይዞ ፍየሏን ሲጠጋ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉትና መርፌው ከእጁ ወደቀ። ባለ ፍየሏ ሴትዮ አንሥታ፣ ለሽማግሌ እንደሚደረገው በሁለት እጇ ሰጠችው። አሰጣጧ አስደነገጠው።

የሚፈራው መጋዘኑን ነው። አዲሷ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እየሩስ ክፉ ሰው አይደለችም፤ «ጋሽ በቃሉ፣ መንገዱ ከደከመዎት መጋዘኑን ይያዙልን» ያለችው አክብራው ነው። እሱ ግን መጋዘኑን ያውቀዋል። የተሰበሩ ወንበሮች፣ የመርጫ ጣሳዎች፣ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያናግር የለም። እንዲያ ዓይነት ቤትማ እኔም አለኝ ይላል በልቡ። ሚስቱ ውድነሽ ልጃቸውን ልታርስ ደሴ ሄዳ እዚያው ቀርታለች። መጀመሪያ አራሷ እስክትነሣ ነበር፤ ከዚያ ሕፃኑ ጥርስ እስኪያወጣ፤ ከዚያ ሁለት እግሩን እስኪተክል፤ አሁን ሕፃኑ ትምህርት ቤት ገብቷል። ስልክ ይደዋወላሉ። ልጁ «አባባ መቼ ትመጣለህ?» ይለዋል፣ እሱም «በቅርቡ» ይላል፣ ከዚያ ቤቱ እንደገና ጭጭ ይላል።

መንገዱ ግን እንዲህ አልነበረም። መንገዱ ላይ ዐወድ ነበር።

ዐወድ የበርታ ሰው ነው፤ በዕድሜ በቃሉን ትንሽ ይበልጠዋል። በቃሉ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው አሶሳ አጠገብ በሠፈሩበት ጊዜ ገና ልጅ የነበረ ቢሆንም፣ ያደገው በሠፋሪዎቹ መንደር ስለሆነ ሥራ ሲጀምር በርትኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ዐወድን አስተርጓሚ አድርጎ ሰጠው። ዐወድ ከኋላው ይቀመጣል፣ የበረዶ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያቅፋል፣ ከዚያ አፉን ይከፍታል፤ እስኪመለሱ አይዘጋውም። ይሄ ማሽላ የማን እንደሆነ፣ ያቺ ሴት ማንን አግብታ ማንን እንደፈታች፣ ያ ድልድይ ሲሠራ ማን እንደወደቀበት፤ ሁሉንም በአማርኛ ይነግረዋል፣ ወዲያው በበርትኛ ይደግመዋል፣ በቃሉን «በል» ይለዋል። በቃሉ ይላል። ዐወድ ይስቃል። የሣቁ መንቀጥቀጥ በሣጥኑ በኩል ጀርባው ላይ ይሰማው ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ በቃሉ ቋንቋውን ለመደው።

ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው። እየሩስ አዲስ ተሹማ ሠራተኞቹን ስታነጋግር «ጋሽ በቃሉ ዛሬም ያለ አስተርጓሚ አይችሉም?» ብላ ዐወድን ጠየቀችው። ዐወድ ተማሪው እንደተነካበት መምህር ደረቱን ነፋ።

«ወላሂ፣ እሱ በርትኛ እኔን ይበልጣል» አላት። «ዓይን ጨፍነህ ብትሰማ የኛ ልጅ ነው። ፍየል ራሱ ይሰማዋል።»

ቤቱ በሣቅ ሞላ። በቃሉ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ፤ ደስ ብሎት ነበር። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ከሁለቱ አንዱም አልታየውም። በሚቀጥለው ወር የአስተርጓሚው ሥራ ተሰረዘ። ቋንቋውን ለሚችል ሰው አስተርጓሚ ምን ይሠራለታል? ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልተበደለም። ዐወድ ሣጥኑን የበቃሉ ጠረጴዛ ላይ አኖረና «ኻላስ፣ አለቀ፤ ተመርቀሃል» ብሎት እየሣቀ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሣጥኑ የሚጓዘው ከወንበሩ በስተኋላ ባለው የብረት መጫኛ ላይ ታስሮ ነው።

አሁን በቃሉ መንገድ ላይ ብቻውን በርትኛ ያወራል። መንደር ደርሶ በበርትኛ ሲጠይቅ፣ ወጣቶቹ እሱን ያከበሩ መስሏቸው በአማርኛ ይመልሱለታል። ሲሳሳትም ማንም አያርመውም። ከሁሉ የባሰው ግን ዐወድ ቤት አለመሄዱ ነው። የዐወድ መንደር ከጾሬ መንገድ ላይ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ከማንጎዎቹ ጀርባ ነው። በቃሉ ረቡዕ ረቡዕ መታጠፊያዋ ላይ ሲደርስ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከዚያ መልሶ ይጨምራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ብዬ እገባለሁ ብሎ አለፈ። ሰውዬው ሥራውን ያጣው እኔን አሞግሶ ነው፤ እንዴት ነህ ልለው ነው? በኋላ ደግሞ እስካሁን የት ነበርክ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ ብሎ አለፈ። እንዲህ ያለ እፍረት ካደረ ይገነግናል፤ በቃሉም ያችን መታጠፊያ መፍራት ጀመረ።

የጀርባው ሕመም የጀመረው በዚሁ ሰሞን ነው። እሱ ግን የከሰሰው መሪውን ነበር።

መካኒኩ ሁንዴሳ የወለጋ ሰው ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራል። ለሞተር መሪ ከፍ ማድረጊያ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አዲስ አበባ ይገኝ እንደሆነ በቃሉ ጠየቀው። ሁንዴሳ ይገኛል አለ፤ ዋጋውን ከሚሰሙ ግን ሌላ ጀርባ ቢገዙ ይሻላል ብሎ ቀለደ። ከዚያ ምንም ወጪ በሌለው ጀመረ። መሪውን የያዙትን አራቱን ቡሎኖች አላላና መሪውን ወደ ጋላቢው ጠምዝዞ መልሶ አጠበቀው። መሪው ሁለት ጣት ያህል ከፍ አለ፣ ወደ ደረትም ቀረበ። በቃሉ ለጥቂት ቀን ዳንሁ አለ። ከዚያ ሕመሙ ተመለሰ፤ የእጁ አንጓ ደግሞ ጭማሪ ሆነበት።

ሁለተኛው ዘዴ የሁንዴሳ የራሱ ነበር። ከተጣለ የውሃ ፓምፕ ዘንግ ላይ ሁለት አጫጭር ብረት አስቆረጠ፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ መሀላቸውን አስበሳ፣ ከመሪው መያዣ ሥር ደግፎ በረዣዥም ቡሎን አሰራቸው። መሪው አራት ጣት ከፍ አለ። የፍሪሲዮኑን ሽቦ በሌላ በኩል አዙሮ ሲያሳልፈው በቃው፤ የነዳጅ መስጫው ሽቦ ግን አጠረ።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ አጥብቀው አይጠምዝዙት» አለው ሁንዴሳ። «ሽቦው ይወጠርና ሞተሩ በራሱ ይጮኻል። ረዥሙ ሽቦ እስኪመጣልን ቀኝ ቀኙን ይያዙ።»

በቃሉ ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ሲገባ ቀለል አለው። እንግዲህ ወደ ግራ አለመታጠፍ የመካኒክ ትእዛዝ ሆነ። በሚቀጥለው ረቡዕ መታጠፊያዋን ሲያልፍ ፍጥነት እንኳን አልቀነሰም። መሪው ከፍ ብሎ እጆቹ ደረቱ ፊት ቆመዋል፤ የመንደር ልጆች የበሬ ቀንድ ይዞ የሚሄድ መስሏቸው ተጠቋቆሙበት። ሕመሙ ግን ከትከሻው መሀል ንቅንቅ አላለም። ተመልሶ ትንሽ ጨምርልኝ ቢለው ሁንዴሳ ከዚህ በላይስ ቆመው ነው የሚነዱት አለውና ወደ ሥራው ዞረ። በቃሉ ቤቱ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መጋዘኑ መቅረቡ ነው ብሎ አሰበ፤ ፈራም።

የቀጣዩ ረቡዕ ጠዋት ከከተማ ሊወጣ ሲል አንዲት ሴት ከሚኒባስ መቆሚያው እጇን አነሣችበት። ዐዋጢፍ ናት፣ የዐወድ ልጅ። በዋዜማው ማንጎ ልትሸጥ ገብታ ዘመድ ቤት አድራለች፤ በዚያው መንገድ ወደ ሸርቆሌ የሚሄደው ሚኒባስ ደግሞ ሞልቶ ጥሏት ሄደ። ዱቄትና ስኳር የሞላ ኬሻ ይዛለች። በቃሉ እንዳላየ ሊሆን አይችል ነገር ዓይን ለዓይን ተገጣጥመዋል። መታጠፊያው ድረስ ብቻ እንደሚያደርሳት ነገራት፤ መሪው ወደ ግራ እንደማይዞርም አስረዳት። እሷ እሺ ብላ ከኋላው ወጣች፣ ኬሻዋንም በመሀላቸው አስገብታ አቀፈችው።

ብዙ አላወሩም። አውሮፕላን ማረፊያውን አለፉ፣ አስፋልቱ አለቀ፣ አቧራው ጀመረ። ዐዋጢፍ ስለ አባቷ የተናገረችው መታጠፊያዋ ልትደርስ ስትል ነው፤ ጆሮው አጠገብ ጠጋ ብላ።

«አባባ እሮብ እሮብ ውጭ ይቀመጣል» አለችው። «የእርስዎን ሞተር ከሩቅ ያውቀዋል። ድምፁን ሲሰማ ዝም ይላል፤ ከዚያ ‹አለፈ› ይልና ይገባል።»

በቃሉ ነዳጁን ቀነሰ። ዐወድ ሣቂ ነው፣ ረስቶታል፣ ማንጎው ሥር ተኝቶ ያርፋል ሲል ነበር ራሱን ያታለለው። ለካ ሰውዬው እስኪመጣለት ይጠብቅ ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ደጁ ድረስ ድምፁን እያሰማ ሲያልፍ ከርሟል። አፈረ፣ እስከ ጆሮው ድረስ። ቀና ሊል ሲሞክር ግን ቀና ብሎ እንደተቀመጠ ታወቀው። እጆቹ አልደነዘዙም። ከአሶሳ እስከዚያ አንዴ እንኳን አላራገፋቸውም። ከትከሻዎቹ መሀል ሕመም የለም፤ እዚያ ቦታ ላይ ያለው የዐዋጢፍ ኬሻ ነው።

ሣጥኑ! ያን ሁሉ ዘመን ዐወድ ጭኑ ላይ ያቀፈው የበረዶ ሣጥን ጀርባው ላይ ነበር። ኮረኮንቹ ወደ ኋላ ሲገፋው ሣጥኑ ይቀበለዋል፣ ሣጥኑን ዐወድ ይቀበለዋል። ስንት ዘመን ሞተር ነዳሁ እያለ ሲኩራራ የኖረው ሰው ለካ ዐወድን ተደግፎ ነው የተቀመጠው። ዐወድ ሲወርድ የሚደገፈው አጣ፤ ወደ ፊት ተደፋ፣ ክብደቱንም እጆቹ ላይ ጣለ። መሪውስ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

መታጠፊያዋ ላይ ዐዋጢፍ ልትወርድ እግሯን ስታነሣ በቃሉ «ተቀመጪ» አላት። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። ሽቦው ተወጠረ፣ ሞተሩ ሳይነካ ጮኸ፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ እየለቀቀ፣ እየጨበጠ፣ ዶሮ እየበተነ፣ ውሻ እያስጮኸ በማንጎዎቹ መሀል ገባ። እንዲህ ያለ አገባብ በዚያ መንደር ሙሽራ እንኳን ገብቶ አያውቅም።

ዐወድ ደጁ ላይ ካነጠፈው አጎዛ ተነሥቶ በበትር ተደግፎ ቆሟል። ከስቷል። ሞተሩን አየ፣ መሪውን አየ፣ ከዚያ በቃሉን አየና ያ የጥንት ሣቁ መጣ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሞተር ምን ሆነ? ቀንድ አበቀለ?»

የት ነበርክ አላለውም። በቃሉ ይህን ሁሉ ወር የፈራው ጥያቄ ሳይነሣ ቀረ፤ እንዲያውም አለመጠየቁ ባሰበት። አጎዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ዐዋጢፍ ውሃ አመጣችላቸው። በቃሉ በበርትኛ ስለ ቤተ ሰቡ፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ። ዐወድ እያንዳንዱን መለሰለት፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አቋርጦ የተሳሳተውን አረመው፣ «በል» አለው። በቃሉ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሚያርመው ሰው አገኘ፤ ውሃውን አንሥቶ እስከ ታች ጠጣው።

ከዚያ ስለ ጀርባው ነገረው። የሁንዴሳን ብረቶች፣ ሽቦውን፣ ኬሻውን፣ ሁሉንም ተረከለት። ዐወድ አዳመጠ።

«ና ተመለስ» አለው በቃሉ በመጨረሻ። «ለእየሩስ ቋንቋው ጠፍቶብኛል እላታለሁ። ረሳሁት እላለሁ፤ ማን ያረጋግጣል?»

ዐወድ ሣቀ፤ ግን አጭር ነበር። በበትሩ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። «ጉልበት እምቢ አለ» አለ። «አሁን ሞተር ላይ እግር አይወጣም። እስከ መስጊድ መሄድ ራሱ ሥራ ነው።»

ዐወድ ግን ተነሣ፤ እያነከሰ ወደ ሞተሩ ሄደ። ሣጥኑን ከኋላው መጫኛ ፈታ፣ ወንበሩ ላይ፣ ራሱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀመጠ፣ ወደ ፊት ገፋው። ከቤቱ አህያ የሚጭንበትን ገመድ አስመጣና በሥር በላይ አሳልፎ አሰረው። ቋጠሮው እሱ ብቻ የሚያውቀው ዓይነት ነው፤ አህያ ከነ ጭነቱ ወንዝ ውስጥ ቢንከባለል የማይፈታ። ሣጥኑን በእጁ ወዘወዘው፤ አልተነቃነቀም።

«ተቀመጥ» አለው።

በቃሉ ተቀመጠ። ሣጥኑ ከትከሻው መሀል ልክ በቦታው ገባ፣ ቅዝቃዜው እንኳን ያው የድሮው ነው። ከፍ ያለው መሪም ያኔ ገና ለእጁ ተመቸው።

«ተማም? ተመቸህ?»

«ተማም» አለ በቃሉ፤ ሌላ ምን ይበል?

ዐወድ እጆቹን አራገፈ። ሥራውን የጨረሰ ሰው ፊት ነበረው። በቃሉ ያን ፊት ከዚህ በፊት አይቶታል፤ «ተመርቀሃል» ያለው ቀን። ያኔ በአፉ አሞግሶ፣ ዛሬ በእጁ አስሮ፣ ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ራሱን አላስፈላጊ አደረገ።

ተሰነባብተው ወጣ። ወደ ዋናው መንገድ ሲመለስ ወደ ቀኝ፣ ወደ ከተማው አልታጠፈም፤ ሞተሩ እየጮኸ ወደ ግራ፣ ወደ ሥራው ነዳ። ጀርባው ቀጥ ብሏል፣ እጆቹ ቀለዋል፣ ኮረኮንቹ ምንም አላደረገውም። ሣጥኑ ግን አያወራም። ማሽላው የማን እንደሆነ አይነግረውም፣ አይሥቅም፣ አይንቀጠቀጥም። መጋዘኑ ቀረልህ፣ ዳንህ አለ ራሱን። የዳነ ሰው ደግሞ ዐወድ ዘንድ የሚሄድበት ምክንያት የለውም፤ ራሱን ያውቃል፣ ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ማፈር ይጀምራል፣ እንደገና ያልፋል። ዓይኑ እንባ ሞላ። በዚያ መንገድ ላይ አቧራ ነው ብሎ የሚያስመስልለት ሰው እንኳን አልነበረም።

ያን ቀን የነበሩትን ፍየሎች አንድ መርፌ ሳይጥል ወጋ። ሲመለስ ከመታጠፊያዋ ራቅ ብሎ፣ አሶሳ መቃረቢያው ዳገት ላይ ሞተሩን አቆመና ወረደ። ቋጠሮውን በጣቱ ሞከረው፤ እምቢ አለው። በቁልፍ ጫፍ ሞከረ። በመጨረሻ ተንበርክኮ በጥርሱ ነከሰው፣ እየተፋ እየነከሰ ፈታው። ሣጥኑን ወደ ኋላው መጫኛ መለሰና እንደ ልማዱ አሰረው። ከዚያ ተደፍቶ፣ ጀርባው እየተቆነጠጠ፣ ከተማ ገባ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ገና ጠዋት ሞተሩ መታጠፊያዋ ላይ ጮኸ።

«ገመዱ ተፈታብኝ» አለ በቃሉ።

ዐወድ ገመዱን ተቀበለው። ጫፉን ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ ጥርስ ያኘከውን፣ የተተለተለውን ክር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። በሕይወቱ ካሰራቸው ቋጠሮዎች አንድም በራሱ ተፈትቶበት አያውቅም። በቃሉን ቀና ብሎ አየው፤ በቃሉ ዶሮዎቹን ያያል።

«ይሄ መንገድ መጥፎ ነው» አለ ዐወድ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሣጥኑን ወደ ፊት ገፍቶ እንደገና አሰረው።

ረዥሙ ሽቦ ከአዲስ አበባ መጥቷል። ሁንዴሳ ሞተሩን እንዲያመጣ ሁለት ጊዜ ደወለለት፤ በቃሉ ዛሬ ነገ እያለ ቆየና በመጨረሻ ለሌላ ሰው ሽጠው አለው። ሁንዴሳ ሰውዬው ጀርባውን ብቻ አይደለም የሚያመው ብሎ ለጎረቤቶቹ አወራ። ይበል። ዐዋጢፍ እንደምትናገረው፣ ሞተሩ ከመታጠፊያዋ ሲጮህ አባቷ አሁን «መጣ» ይልና ገመዱን ሊቀበል በበትሩ ተደግፎ ይነሣል።